«ዕጢ ተገኘብዎት» ሲባል፦ የአድሬናል ዕባጮችን መለየትና የቆላማው ቦረና የጤና አገልግሎት

በአገራችን የሲቲ ስካንና የአልትራሳውንድ ምርመራ ከአዲስ አበባ አልፎ በክልል ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት እየተስፋፋ መጥቷል። ይህ ቀደም ሲል ለአንድ ምስል ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዝ ለነበረው ታካሚ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና አገልግሎቱ ሲስፋፋ አብሮ የመጣ አዲስ ጥያቄም አለ። ለኩላሊት ጠጠር፣ ለሆድ ሕመም ወይም ለመኪና አደጋ ምስል የተነሣ ሰው፣ ከመጣበት ጉዳይ ጋር ግንኙነት የሌለው «በአድሬናል ዕጢ ላይ ዕባጭ ታይቷል» የሚል ውጤት ይዞ የሚወጣበት ጊዜ እየበዛ ነው።

ይህንን ወረቀት ይዞ ወደ አሬሮ፣ ወደ ነጌሌ ወይም ወደ ያቤሎ የሚመለስ ቤተሰብ የሚጠብቀው ውሳኔ ቀላል አይደለም። ከድርቅ የተረፉትን ጥቂት ከብቶች ሸጦ እስከ ሐዋሳና አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አለ፤ «ይህ ነቀርሳ ነው፤ መድኃኒት የለውም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ መቀመጥም አለ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአድሬናል ዕባጮች በምን እንደሚለያዩ፣ የትኛው ጊዜ እንደሚሰጥና የትኛው እንደማይሰጥ፣ እንዲሁም ምርመራው ከየት መጀመር እንዳለበት ለኅብረተሰቡና በመጀመሪያ ደረጃ ለሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

የግራ መጋባቱ አንዱ ምንጭ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። በአንድ በኩል በማንኛውም ጤነኛ ሰው አካል ውስጥ የሚገኝ፣ ሆርሞን ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚያመነጭ ተፈጥሯዊ አካል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያለቦታው የበቀለ ሥጋ፣ ማለትም ዕባጭ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት «አድሬናል ዕጢ» የሚለውን ሐረግ ብቻ የሰማ ሰው በሽታ እንዳለበት ሊያስብ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ «ዕጢ» የምንለው ተፈጥሯዊውን አካል ሲሆን፣ በላዩ ላይ የሚያድገውን «ዕባጭ» እንለዋለን።

አድሬናል ዕጢዎች ሁለት ናቸው። በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ ተደፍተው ይገኛሉ፤ ክብደታቸውም እያንዳንዳቸው ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ውጫዊው ክፍላቸው ኮርቲሶል፣ አልዶስቴሮንና ከወንዴ ሆርሞን ጋር የተዛመዱ ቅመሞችን ያመነጫል። ኮርቲሶል ሰውነት ሕመምንና ጾምን እንዲቋቋም ይረዳል፤ አልዶስቴሮን ጨውንና የደም ግፊትን ይቆጣጠራል። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ያመነጫል። ሌሊት ጅብ በረት ሲገባ የእረኛው ልብ በድንገት የሚመታውና ጉልበቱ የሚበረታው በእነዚህ ሆርሞኖች ነው። እንግዲህ በእነዚህ ዕጢዎች ላይ የሚያድግ ዕባጭ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከእነዚህ ሆርሞኖች አንዱን ያለልክ ወደ ደም ሊለቅ ይችላል።

መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች

ታካሚውም ቤተሰቡም አስቀድመው የሚጠይቁት «ካንሰር ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በአድሬናል ዕባጭ ላይ ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ዕባጩ ሆርሞን ያመነጫል ወይስ አያመነጭም የሚለው ነው። ሁለተኛው ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። የሁለቱ መልስ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ካንሰር ያልሆነ ዕባጭ በሚያመነጨው ሆርሞን ምክንያት ሰውን ሊገድል ይችላል፤ ካንሰርም ሆርሞን ሳያመነጭ በዝምታ ሊያድግ ይችላል።

በሲቲ ስካን በአጋጣሚ የሚታዩ የአድሬናል ዕባጮች እንግዳ ነገር አይደሉም። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የሆድ ሲቲ ስካን ከተነሡ አዋቂዎች መካከል ከ100 ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ተገኝተዋል፤ ዕድሜ ሲጨምርም ቁጥራቸው ይጨምራል። ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ካንሰር ያልሆኑ፣ ሆርሞንም የማያመነጩ፣ አዴኖማ የሚባሉ ዕባጮች ናቸው። ለእነዚህ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም።

በአንጻሩ ከአድሬናል ውጫዊ ክፍል የሚነሣው ካንሰር እጅግ ብርቅ ነው። በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ምጣኔ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በ1 ወይም በ2 ሰዎች ላይ የሚከሠት መሆኑን ያሳያል። ይህንን ምጣኔ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ኢትዮጵያ ብናሰላው በዓመት ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ ሰዎች ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በሽታው ፈጣንና ጨካኝ ነው። በዕጢው ውስጥ ተወስኖ ሳለ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣ የመዳን ዕድል አለ፤ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ከተሰራጨ በኋላ ግን ከአምስት ዓመት በላይ የሚቆዩት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ብርቅነቱ ለመዘናጋት ምክንያት አይሆንም። በጎልማሶች ዘንድ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በዛ ብሎ ይታያል፤ በሕፃናት ላይም ሊከሠት ይችላል። ከዚህ በተለየ ደግሞ ኒውሮብላስቶማ የሚባለው ካንሰር በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዝና ብዙ ጊዜ ከአድሬናል የሚነሣ ነው። የሕፃን ሆድ አብጦ፣ ሲዳሰስም ጠጣር ነገር ከተገኘ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ሌላው መታወስ ያለበት ከሳንባ፣ ከጡት፣ ከኩላሊት ወይም ከቆዳ የተነሣ ካንሰር ወደ አድሬናል ሊዛመት መቻሉ ነው። ቀደም ሲል ካንሰር የነበረበት ሰው በአድሬናሉ ላይ ዕባጭ ቢታይበት ይህንን ታሪኩን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ምስሉ ምን ይናገራል?

የዕባጩን ማንነት ለመገመት ሐኪሞች በዋናነት ሦስት ነገሮችን ያያሉ፤ እነሱም መጠኑ፣ ጥቅጥቅነቱና ጠርዙ ናቸው። ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ዕባጮች ካንሰር የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆኑ ግን ከአራቱ አንዱ ገደማ ካንሰር ሆኖ እንደተገኘ በቀደሙ ጥናቶች ተመዝግቧል።

ጥቅጥቅነቱ የሚለካው ያለ ንጥረ ቀለም በተነሣ ሲቲ ስካን ሲሆን፣ መለኪያው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም ይጠራል። በዚህ መለኪያ ውሃ ዜሮ ነው። ዕባጩ ወጥ መልክ ኖሮት ልኩ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በውስጡ ስብ ይበዛል፤ ካንሰርም አይደለም። በአውሮፓ የኢንዶክሪኖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ዕባጭ መጠኑ ምንም ቢሆን ተጨማሪ የምስል ክትትል እንደማያስፈልገው ይገልጻል። ይህ ለአሬሮ ነዋሪ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በየስድስት ወሩ ለሲቲ ስካን ብቻ ወደ ሐዋሳ ከመመላለስ ያድነዋልና። ይህ እንዲሆን ግን ምስሉን ያነበበው ባለሙያ «ዕባጭ አለ» ብሎ ብቻ ሳይተው መጠኑንና ልኩን በሪፖርቱ ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ታካሚዎችም የጽሑፍ ሪፖርቱንና ምስሉን በሲዲ ወይም በፊልም ጠይቀው ሊይዙ ይገባል።

አልትራሳውንድ በብዙ የወረዳ ሆስፒታሎች የሚገኝ ጠቃሚ መሣሪያ ቢሆንም ትናንሽ የአድሬናል ዕባጮችን ሊስት ይችላል። «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» መባሉ ምልክት ያለበትን ሰው ነጻ አያደርገውም።

ካንሰር ሳይሆን የሚገድለው

ከአድሬናል ውስጠኛ ክፍል የሚነሣው ዕባጭ ፌዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም። ነገር ግን አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊንን በድንገት ወደ ደም ስለሚለቅ የደም ግፊትን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አደገኛ ደረጃ ያደርሳል፤ ውጤቱም በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም የልብ መድከም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምደባ ይህንን ዕባጭ «ካንሰር» እና «ካንሰር ያልሆነ» ብሎ መክፈሉን ትቶ፣ ሁሉም የመሰራጨት ዕድል እንዳለው አድርጎ መድቦታል። ስለዚህ ዕባጩ ከወጣ በኋላም ቢሆን ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ክትትል ያስፈልጋል።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ራስን የሚፈልጥ ሕመም፣ የሚያጠምቅ ላብና «ድው ድው» የሚል የልብ ምት በአንድ ጊዜ መጥተው፣ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ቆይተው ይሄዳሉ። ፊት ሊገረጣ፣ እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በቆላማው አካባቢ ይህ ምልክት ሌላ ስም የሚያገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ላቡ በሙቀቱ፣ የራስ ምታቱ በወባ፣ የልብ ምቱ በጫት ወይም በቡና ሊመካኝ ይችላል፤ ድንገተኛ መሆኑም ከመንፈስ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጫት በእርግጥም የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፤ ወባም ያልባል። መለያው ቀላል ነው፤ ምልክቱ በመጣበት ሰዓት የደም ግፊትን መለካት። የወባ ምርመራው ነጻ ሆኖ፣ ጫት በማይቃምበት ቀንም ምልክቱ ከተመለሰና ግፊቱ በዚያ ሰዓት ከፍ ብሎ ከተገኘ ወደ ላይ መላክ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ በእርግዝናና በቀዶ ሕክምና ጊዜ ይታያል። የነፍሰ ጡር ሴት የደም ግፊት ከፍ ሲል በቅድሚያ የሚታሰበው በእርግዝና ምክንያት የሚመጣው የግፊት ሕመም ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ግፊቱ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ከታየ፣ በሽንቷ ፕሮቲን ካልተገኘ፣ እየመጣ የሚሄድም ከሆነ የአድሬናል ዕባጭ ሊታሰብ ይገባል። ሳይታወቅ ወደ ምጥ ወይም ወደ ማደንዘዣ ከተገባ የእናቲቱም የጽንሱም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ እንኳ ድንገተኛውን የግፊት ማዕበል ሊቀሰቅስ ይችላል።

እዚህ ላይ ለባለሙያዎች ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ ፌዮክሮሞሳይቶማ አለመሆኑ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ በአድሬናል ዕባጭ ላይ መርፌ ገብቶ ናሙና መወሰድ የለበትም። ሁለተኛ፣ በሽታው ሲጠረጠር ቤታ ብሎከር የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት በቅድሚያ መጀመር የለበትም። ከቀዶ ሕክምና በፊት አልፋ ብሎከር የተባለው መድኃኒት ቢያንስ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ተሰጥቶ ግፊቱ መረጋጋት አለበት። በተጨማሪም ከታካሚዎቹ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት በሽታውን በዘር የወረሱ በመሆናቸው ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች ሊመረመሩ ይገባል።

የሚደበቁ ሁለት ሆርሞኖች

አልዶስቴሮንን ያለልክ የሚያመነጭ አድሬናል ብዙ ጊዜ «ተራ የደም ግፊት» መስሎ ይኖራል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄሮም ኮን ሕመሙን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ዛሬ ከደም ግፊት ታካሚዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። መንስኤው በከፊሎቹ አንድ ዕባጭ ሲሆን በሌሎቹ የሁለቱም ዕጢዎች መወፈር ነው። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። እንግዲህ ሁሉንም የግፊት ታካሚ ወደ ሲቲ ስካን መላክ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሊጠረጠሩ የሚገባቸው በወጣትነታቸው ግፊት የያዛቸው፣ ሦስት መድኃኒት በአግባቡ እየወሰዱ ግፊታቸው ያልወረደ፣ ወይም የደማቸው ፖታሺየም ዝቅ ብሎ ጡንቻቸው የሚዝልና የሚኮማተር ሰዎች ናቸው።

ኮርቲሶልን የሚያመነጭ ዕባጭ ፊትን ያከብባል፤ ሆድን እያወፈረ እጅና እግርን ያቀጥናል፤ በሆድ ላይ ወይን ጠጅ መስመሮችን ያወጣል፤ ስኳርና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ አጥንትንም ያሳሳል። በሴት ላይ በአጭር ጊዜ ጢም ከበቀለ፣ ድምፅም ከወፈረ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ፈጣን ምርመራ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ፊትን የሚያከብበው ዋነኛው ምክንያት ዕባጭ አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ ኪኒኖች፣ እንዲሁም ፊት ለማቅላት የሚቀቡ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። እነዚህን ኪኒኖች ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆማቸው አድሬናሉ ሥራውን ስላቆመ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ማቆም የሚገባው በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው።

ዕባጭ መስለው የሚታዩ ሕመሞች

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከሚከብድባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የነቀርሳ ተሐዋሲ ከሳንባ ወደ አድሬናል ሲዛመት ሁለቱን ዕጢዎች ያሳብጣል፤ በምስል ሲታይም ካንሰር ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ሆርሞኑ አይበዛም፤ ያንሳል። ታካሚው ይከሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ጨው ያምረዋል፤ ድዱና የእጁ መስመሮች ይጠቁራሉ። ይህ ሕመም በመድኃኒት የሚታከም ነው።

ከውሾችና ከከብቶች ጋር በቅርበት በሚኖሩ አርብቶ አደሮች አካባቢ ደግሞ ሃይዳቲድ የተባለው ከረጢት አለ። ምክንያቱ ከውሻ ዐይነ ምድር የሚተላለፍ፣ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ብዙውን ጊዜ ጉበትንና ሳንባን ይይዛል፤ አልፎ አልፎ በአድሬናል ላይም ይገኛል። ከረጢቱ ያለ ዝግጅት በመርፌ ቢበሳ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ከቆላማው አካባቢ የመጣ ታካሚን የሚያይ ሐኪም የአኗኗሩን ሁኔታ መጠየቅ ይገባዋል።

ከጤና ኬላ እስከ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል

ከላይ የተነገረው ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ይመስላል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን የደም ግፊት መለኪያ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የጤና ባለሙያን እስከ ቀበሌ አድርሷል። በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ የተለካ ግፊት፣ ምልክቱ የመጣበት ሰዓትና የሚወሰዱት መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከታካሚው ጋር ቢሄዱ፣ ሆስፒታል ላይ የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ በእጅጉ ይቀንሳል።

በቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልጉት የደም ምርመራዎች ውስን ናቸው። ለኮርቲሶል ማታ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ተውጦ ጠዋት ደም ይወሰዳል። ለፌዮክሮሞሳይቶማ ሜታኔፍሪን በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ይለካል። ግፊት ወይም የፖታሺየም ማነስ ላለበት ሰው ደግሞ አልዶስቴሮንና ሬኒን ይለካሉ። እነዚህ ምርመራዎች በሁሉም ቦታ አይገኙም፤ ሜታኔፍሪንን የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች በተለይ ጥቂት ናቸው። ዛሬ የቆላው ታካሚ ትልቁ መሰናክል እዚህ ላይ ነው። ሲቲ ስካኑ ወደ ክልል ከተማ ሲቀርብ የሆርሞን ምርመራው ካልቀረበ፣ ዕባጭን አይቶ ማንነቱን አለማወቅ ይከተላል። ታካሚው ሳያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ይሠራለታል፤ ወይም የሚያስፈልገው ሰው ሳይዘጋጅ ወደ ማደንዘዣ ይገባል። የናሙና ማጓጓዣ ሥርዓት ቢጠናከር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ያለበት ታካሚው ሳይሆን ደሙ ይሆናል።

ወጪን በሚመለከት በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዋነኛ መከታ ነው። አባላት የሪፈራል ሰንሰለቱን ተከትለው መሄድ ይኖርባቸዋል፤ ሰንሰለቱን የዘለለ ታካሚ ጥቅሙን ሊያጣ ይችላል። በቦረና ከብቱን ያጣን ወገን መልሶ የሚያቋቁመው የቡሳ ጎኖፋ ባህልም ለረጅም ሕክምና የሚጓዝን ሰው ለመደገፍ የሚበቃ ማኅበራዊ ሀብት ነው።

ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ አንዱ አድሬናል ቢወጣ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። ኮርቲሶል ያመነጭ የነበረ ዕባጭ የወጣለት ሰው ግን ቀሪው ዕጢ እስኪነቃ ድረስ ለወራት የሃይድሮኮርቲሶን ኪኒን ያስፈልገዋል። ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚመለስ ታካሚ በቂ መድኃኒት እንዲይዝ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው መጠኑን እንዴት እንደሚጨምር በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ለአካባቢው ጤና ጣቢያም መልስ እንዲጻፍ ያስፈልጋል።

ኅብረተሰቡ ማድረግ የሚገባው

በምርመራ ውጤት ላይ «የአድሬናል ዕባጭ» የሚል ቃል ያየ ሰው ንብረቱን ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን አራት ነገሮች ይጠይቅ፦ ዕባጩ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? በሲቲ ስካን ልኩ ስንት ነው? የሆርሞን ምርመራ ተሠርቷል? ቀጣዩ ቀጠሮ የት ነው፣ መቼስ ነው? ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት አንድ ላይ የሚመላለሱበት ሰው፣ እንዲሁም በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ግፊቷ የጨመረ እናት ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ። ዕድሜው ለአካለ መጠን የደረሰ ማንኛውም ሰው ሕመም ባይሰማውም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊቱን ይለካ። አብዛኛው የአድሬናል ዕባጭ ካንሰር አይደለም፤ አደገኛው ግን በጊዜ ሲታወቅ የሚታከም በመሆኑ ምልክቱን ችላ ማለት አይገባም።